ስሙ የማይጠራው አረም

በእኛ አገር የማይታወቅ ነገር የለም፤ የማይነገር ነገር ግን ሞልቷል። የሁለቱ ልዩነት ከገባችሁ እሰየው፤ ካልገባችሁም አትዘኑ፣ እኔም የገባኝ ዘንድሮ ነው። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ መንገድ ብትጠይቋቸው፣ መንገዱን ባያውቁት እንኳ ያሳዩአችኋል። ጠፍታችሁ ስትመለሱ ደግሞ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ «ከዛፏ ጋ ታጠፉ ስላችሁ ምን አሳለፋችሁ?» ብለው ይቆጧችኋል። ስለ ቅጠል ስትጠይቁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ስለ ቅጠል «አላውቅም» ማለት ነውር፣ «አልናገርም» ማለት ግን ማዕረግ ነው። ስለዚህ የሚያውቀውም የማያውቀውም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል፤ ራሱን ነቅነቅ፣ ዓይኑን ጨፈን፣ ከንፈሩን ግጥም። «ዝም አይነቅዝም» ብለው የተረቱት አባቶች ይህንን አስበው ይሁን አይሁን አላውቅም። አያችሁ? «አላውቅም» አልኋችሁ። ሰፈር ውስጥ ክብር ያሳጣኝ ይኸው አፌ ነው።

ለሩቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ ዘንድ መድኃኒት የሚሆን ቅጠል ስሙ በሰው ፊት ከተጠራ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። ቆራጩም ሥርዓት አለው፤ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በግራ እጁ፣ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጥ መቁረጥ አለበት። «እንዴት አደርህ?» ሲሉት ተሳስቶ «እግዜር ይመስገን» ካለ ቅጠሉን ለፍየል ይስጠው። እንዴት ያለ ብልህ ሥርዓት መሰላችሁ! መድኃኒቱ ሳይሠራ ቢቀር አዋቂውም ቅጠሉም ንጹሕ ናቸው፤ «አንዱ ስሙን ጠርቶት ይሆናላ» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስንት ዓመት ቢሮ ስሠራ ለጥፋታችን እንዲህ ያለ ሰበብ ማግኘት አልቻልንም።

የምንኖረው እንጅባራ ከተማ ዳር፣ ባጃጁ ጭቃውን ያይና «ከዚህ ወዲያ በእግርዎ ጋሼ» የሚልበት ሰፈር ነው። ከቤታችን ጀርባ በቀርቀሃ የታጠረች ጓሮ አለችን። «አለችን» ያልሁት ለወጉ ነው እንጂ ጓሮዋ የባለቤቴ የትርንጎ ናት፤ እኔ እዚያ የምገባው ስጠራ ነው። ትርንጎ ዘንድሮ ጓሮዋን ሙሉ ድንች ተከለችበት። ምክንያት ነበራት። የማርያም ማኅበር አለን፤ የእኛ ተራ በየዓመቱ የሚደርሰው በኅዳር፣ ጾም ከገባ በኋላ ነው። አምና ከእኛ ቤት አለፍ ብላ የምትኖረው እትዬ የዝና የትርንጎን ድንች ወጥ አንድ ጊዜ ጎረስ አደረገችና፣ ሰው ሁሉ ዝም ባለበት ሰዓት፣ «አይ የገበያ ድንች! ምን ቢቀምሙት ውሃ ውሃ ማለቱ አይቀርም» አለች። እንግዲህ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ትርንጎ ግን ዓመቱን ሙሉ ስታላምጣት ከረመች። «ለሚመጣው ተራዬ ከገዛ ጓሮዬ፣ በገዛ እጄ ያበቀልሁትን ድንች ካላበላሁ እኔ ትርንጎ አይደለሁም!» ብላ ማለች። ሴት ልጅ እንዲህ ብላ ከማለች ወንዱ ዶማውን ፈልጎ ማቀበል ብቻ ነው ያለበት።

ሐምሌ ሲጋመስ ከድንቹ መደብ መካከል አንድ አይተነው የማናውቀው እንግዳ ብቅ አለ። ዘሩ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከገዛነው የዶሮ መኖ ጋር ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ ሰፊ፣ የቅጠሉም ጠርዝ እንደ መጋዝ የተከረከረ ነው። ድንቹ በዝናቡና በብርዱ ሲንቀጠቀጥ፣ እሱ ቤቱ እንደገባ ሰው ዘና ብሎ ወገቤ ደረሰ። ትርንጎ መጥታ አየችውና «አረም ነው፤ ሳያብብ እነቅለዋለሁ» አለች። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ እኔም ይህን አላወራላችሁም፣ እናንተም ወደ ጉዳያችሁ ትሄዱ ነበር።

እኔ ግን «ስሙን ሳናውቅ?» አልሁ። ምን ላድርግ፣ የቢሮ ሰው ነኝ። ቢሮ ውስጥ አንድ ነገር ሳይጣራ አይወገድም፤ ተጣርቶም አይወገድም። «ሌባ እንኳ ስሙ ተጠይቆ ነው የሚታሰር፤ ምናልባት ጠቃሚ ተክል ቢሆንስ? ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው!» እያልሁ ጓሮው ውስጥ ቆሜ ንግግር አደረግሁ። ትርንጎ አዳመጠችኝና «እሺ፣ አንተ ስሙን ፈልግ፣ እኔ ሥሩን እፈልጋለሁ» አለች። ለምኜ፣ ተለማምጬ ጥቂት ቀን አስፈቀድሁ።

መጀመሪያ ስልኬን አወጣሁ። ፎቶ ሲያነሡለት የተክል ስም የሚናገር ነገር አለ ብለው የቢሮ ልጆች ጭነውልኛል። ችግሩ፣ ተክሉ ያለው ከቤት ጀርባ፣ ኔትወርኩ ያለው ከቤት ፊት ነው። ቅጠሉን ቆርጬ ደጃፍ ወጣሁና በአንድ እጄ ቅጠል፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ ወደ ሰማይ ቀና ብዬ ቆምሁ። መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ያልፋል። ስልኩ ሲሽከረከር፣ ሲሽከረከር ቆየና «ከድንች ጋር ዘመድ ሳይሆን አይቀርም» የሚል ነገር አሳይቶኝ ኔትወርኩ ሄደ። ሮጬ ለትርንጎ ስነግራት «ዘመድ ነው? በቃ፣ ካልነቀሉት አይሄድም ማለት ነዋ» አለችኝ።

ሁለተኛ አያ ቢምረውን ጠየቅሁ። አያ ቢምረው የአጥር ጎረቤታችን ናቸው፤ ከልጆቻቸው አስበልጠው የሚወዱት አንድ ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ አላቸው። ከፈረሱ ጋር በአውንጊ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ነው የሚነጋገሩ፤ ቁም ነገሩን ለፈረሱ እንደሚነግሩት እጠረጥራለሁ። «አያ፣ ይህን ቅጠል ያውቁታል ወይ?» ስላቸው አጥሩን ተደግፈው ቅጠሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን ሰጠህ?» አሉኝ። ማንም አልሰጠኝ፣ ራሱ ነው የበቀለ አልኋቸው። «ራሱ!» ብለው አማተቡ። «እሱማ ልማዱ ነው፣ ሰው መርጦ ራሱ ነው የሚመጣ።» ስሙን ብቻ እንዲነግሩኝ ብለምናቸው «ኧረ ዝም በል አንተ ሰው! ስሙ ይጠራል እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ። ይህንን ለትርንጎ ብነግራት «አያ ቢምረው አያውቁትም ማለት ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ግን እውነት የተናገረች ሚስት ማን ይሰማል?

አያ ቢምረው ምስጢር ጠባቂ ሰው ናቸው። ነገሩን በምስጢር ለአንድ ሰው ብቻ ነገሩ። ያም ሰው ምስጢር ጠባቂ ነበርና እሱም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። እንዲህ እየተጠበቀ ምስጢሩ ቅዳሜ ገበያ ደረሰ። አያ ቢምረው ራሳቸው አንድ ቅርንጫፍ ወስደው ጋጣ ውስጥ ሰቀሉና ዝንቡ ከፈረሱ ላይ ቀነሰ አሉ። ወሩ ነሐሴ ነው፤ በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት ይመጣል? ይህን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ጓሯችን ማለዳ ማለዳ እንግዳ አያጣም ጀመር። አንዱ ለኪንታሮት ይወስዳል፣ አንዱ ለቡዳ፣ አንዱ ልጁ ትምህርት እንዲገባው፣ አንዷ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ለጠፋባት ሙሽራ። አንድ ቅጠል ይህን ሁሉ ሥራ ሲችል እኛ ቢሮ ለአንድ ሥራ አራት ሰው መቅጠራችን አሳፋሪ ነው። ሁሉም ታዲያ ሥርዓት ያውቃል፤ በግራ እጁ ይቆርጣል፣ በሁለት እግሩ ድንቹን ይረግጣል። አንድ ማለዳ ከአንድ ጎልማሳ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። «እንደምን አደርህ ወንድሜ» አልሁት። በገዛ ጓሮዬ፣ በገዛ ድንቼ ላይ ቆሞ፣ ገልመጥ አድርጎኝ ዝም አለ። እንዲያውም በእኔ ተናደደ፤ ሊያናግረኝ ይፈልጋል ብሎ መሆን አለበት።

መነቀል ነበረበት፤ አውቃለሁ። ግን ልንገራችሁ? ክብር መጣልኝ። ቅጠሉ «ሰው መርጦ» የመጣው እኔ ጋ ነዋ! ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ስለማላውቅ ዝም እላለሁ፤ ዝም ባልሁ ቁጥር አዋቂነቴ ይገናል። ቢሮ ውስጥ ሰላምታ ነፍጎኝ የኖረው አለቃዬ ስለ ወገቡ ሕመም ያማክረኝ ጀመር። ያ ባጃጅ እንኳ ጭቃውን ሰንጥቆ ደጃፌ ድረስ ያደርሰኛል፤ «ጋሼ፣ ትንሽ ቅጠል…» እያለ። ሠላሳ ዓመት ቢሮ ሠርቼ ያላገኘሁትን ማዕረግ አንድ አረም በአንድ ክረምት ሲሰጠኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ትነቅሉት ነበር?

አረሙ መስከረም ሲጠባ አበበ። ሐሳዊ ቢሆንም ውብ ነው፣ አልዋሽም፤ አበባው ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ መሐሉ ነጭ ነው። ቀጥሎ ፍሬ ያዘ። ፍሬው ወረቀት በመሰለ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልሎ ትንንሽ ፋኖስ የተሰቀለ ይመስላል። ትርንጎ እያንዳንዷን ፋኖስ እየነካች ትቆጥራለች፤ ውስጡ ያለው ዘር መሆኑን ለማወቅ ስም አያስፈልጋትም።

ትዕግሥቷ ያለቀው ግን በዘሩ አይደለም። አንድ ማለዳ ወደ ጓሮ ስትወጣ ከድንቹ መሐል አንዲት ሴት አጎንብሳ አገኘች። ቀና ስትል እትዬ የዝና ናት። አዎ፣ ያችው የዝና። ከሁሉ የደላውን መደብ ረግጣ፣ ግንዱን እየነቀነቀች፣ በግራ እጇ ታጭዳለች። «እትዬ የዝና፣ ምን እግር ጣለሽ በጧት?» አለቻት ትርንጎ፣ እንደምንም ራሷን ገዝታ። ዝም። «ድንቼን እየረገጥሽው ነው እኮ!» ዝም። የዝና በቀኝ እጇ ተዪኝ የሚል ምልክት አሳየችና፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በሌላው መደብ ላይ ረማምዳ ወጣች። ኋላ ላይ ለሰው «ትርንጎን ምን ነካት? በጧት ትለፈልፋለች» ማለቷን ሰማን።

ትርንጎ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። እኔ ሳውቃት በቀላሉ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። «እኔ ምን ጠየቅሁ? አንድ ጊዜ፣ በገዛ እጄ የቆፈርሁትን ላብላ አልሁ። እሱንም አንተና ቅጠልህ አስረገጣችሁት» አለችኝ። ያን ጊዜ አፈርሁ። አዋቂነቴንም፣ ባጃጁንም፣ የአለቃዬን ወገብም ረገምሁና አንድ ዘለላ ቆርጬ በፌስታል ይዤ ወደ ግብርና ሄድሁ።

ባለሙያዎቹ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ይህን መናገር አያስፈልግም ነበር። በማግስቱም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት ቦት ጫማ ያደረገች ወጣት ባለሙያ በሩ ላይ ይዤ ፌስታሌን ከፈትሁላት። ገና ስታየው «የት አገኙት?» አለችኝና ቦታውን ካላየሁ ብላ አብራኝ መጣች። አዋቂው ቤት የመንግሥት ሰው ገባች ሲባል የሰፈሩ ሰው አጥሩን ከበበ፤ አያ ቢምረው ከፊት፣ እትዬ የዝና ከኋላ።

ልጅቱ ፋኖሱን ፈልቅቃ አየችና ያለምንም ሹክሹክታ ተናገረች። አረም ነው አለች። ከውጭ የገባ፣ በየጓሮውና በየማሳው የሚወር፣ ዕድሜው አንድ ክረምት የሆነ አረም። ሳይሞት በፊት ግን ለልጅ ልጅ የሚበቃ ዘር ያራግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ፋኖሶቹ ሳይደርቁ ዛሬውኑ ይነቀል፣ ደግሞም መርዝነት አለውና ማንም ወደ አፉ እንዳያስጠጋው። የመጣውም ከደቡብ አሜሪካ፣ ከድንቹ አገር ነው አለች። አያችሁ ዕድል! ከአንድ አገር የመጡ ዘመዳሞች፤ አንዱን ጋብዘን አመጣነው፣ አንዱ ተከትሎ መጣ።

ሕዝቡ ተከዘ። ቡዳውም፣ ኪንታሮቱም፣ የጠፋው ሙሽራም ባዶ ቀሩ። በዚህ መካከል አያ ቢምረው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ለመሆኑ ስሙን ታውቂዋለሽ?» አሏት፣ እንደ ፈታኝ። «አዎ አባቴ፤ ኒካንድራ ይባላል» አለች ልጅቱ በቅንነት። አንዲት ሴት ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቱ ደግሞ ሰዉ ለእውቀት የጓጓ መስሏት «ስሙም የወጣለት በጥንት ዘመን መድኃኒት አዋቂ በነበረ ሰው ነው» ብላ ጨመረችበት። ምነው አፏን በቆረጠው! «አላልሁም!» ብለው አያ ቢምረው አጥሩን በከዘራቸው መቱት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል!» አለ ሌላው። አረም መሆኑ፣ መርዝ መሆኑ፣ ዘር ማራገፉ ሁሉ ተረሳና «የመድኃኒት አዋቂ ስም» ብቻ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ። የሰዉን ዓይን ሳይ ነገ ጧት ከአዲስ ቅዳም ከተማ ጭምር እንደሚመጡብን ገባኝ።

ከባለሙያዋም ከእኔም የተሻለ መላ ያገኘችው ትርንጎ ናት። የተገለበጠ ገንዳ ላይ ወጣችና ባላት ድምፅ ሁሉ «ኒካንድራ! ኒካንድራ! ያልሰማህ ስማ፣ ስሙ ኒካንድራ ነው!» እያለች ጮኸች። «ወዲያ ማዶ ሰማችሁ? ኒካንድራ! ተጠርቷል፣ ረክሷል፣ አብቅቶለታል!» ያን ጊዜ ሰዉ ሲበተን ብታዩ! ከአጥሩ ላይ እጁን የጋለ ብረት እንደ ነካ ሰው እያነሣ ነው የሄደ። አንዳንዱማ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቅጠል መንገድ ላይ አራገፈ። ትርንጎ በዚያው ከሰዓት አረሙን እስከ ሥሩ ነቅላ፣ ፋኖሱን ለቅማ አቃጠለች። ለተረገጡት መደቦች አፈር አለበሰቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሯችን ሰው አልደረሰባትም፤ ባጃጁም ጭቃው ጋ ያወርደኝ ጀመር።

ድንቹ ጥቅምት ላይ ተቆፈረ። የተረገጠው ተረግጧል፤ የተረፈው ግን ድንች ነበር እላችኋለሁ! ሲቀቀል የሚፈነዳ፣ እንደ ዱቄት የሚበተን፣ ውሃ የሚባል ያልነካው። ትርንጎ እያንዳንዱን በእጇ እያሻሸች አፈሩን አራገፈችለት። የማኅበሩ ዕለት ድስቱን ራሷ ወጠወጠች፤ ከገበታውም መሐል የድንቹን ወጥ እንደ ሙሽራ አስቀመጠችውና እትዬ የዝና ፊት ቆመች። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሰዓት ይኸው ደረሰ።

ማኅበርተኛው ባርኮ ጀመረ። ሽሮው ተበላ። ምስሩ ተበላ። ጎመኑ ተጠረገ። ድንቹን የነካው የለም። እጆች ሁሉ ድንቹ ጋ ሲደርሱ ይታጠፋሉ። ትርንጎ «ከድንቹስ?» ትላለች፤ «በቃን፣ ጠገብን» ይሏታል። እኔ አጠገባቸው ስለነበርሁ አያ ቢምረው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አትቀየሙን» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስሙ የተጠራ መድኃኒት ወደ ክፉ ይዞራል። ሥሩ ከድንቹ ሥር ጋር ሲነካካ ነው የከረመ። የረከሰ ነገር ወደ ሆድ ይገባል?» አረም ነው ተብሏል እኮ፣ ተነቅሏል እኮ ብዬ ብሟገት፣ ይልቁን የበለጠ ሸሹት። ቅጠሉን ፍለጋ ድንቹን ሲረግጡ የከረሙት ሰዎች፣ ቅጠሉን ፈርተው ድንቹን አንበላም አሉ። ሳቄም ንዴቴም በአንድ ላይ መጣብኝ።

ትርንጎ ጭልፋዋን ይዛ እንደ ቆመች ነው። ፊቷን ማየት አቃተኝ። ገበታው መሐል ወጡ እየቀዘቀዘ፣ ዘይቱ እየረጋ ነው፤ የማርያም ማኅበር ምግብ እንዲህ ተጠልቶ ሊደፋ ነው። አንድ ጊዜ ድስቱን፣ አንድ ጊዜ እንግዶቹን አየች። ከዚያ የገዛ ጥርሷን የምትነቅል ይመስል ቀስ ብላ «ብሉ ባካችሁ፤ ድንቹ የጓሮዬ አይደለም፣ ከጥሊሊ ገበያ ነው ያስመጣሁት» አለች።

እጅ ከየአቅጣጫው ወረደ። «ታዲያ ቀደም ብለሽ አትነግሪንም!» እየተባለ ተበላ፣ ተደገመ፣ ተጠረገ፤ አያ ቢምረው ድስቱ ይምጣ አሉ። እትዬ የዝና የመጨረሻዋን ድንች በእንጀራ አፍሳ ጎረሰችና፣ ዓይኗን ጨፍና አጣጣመችና፣ «እሰይ! ትርንጎዬ፣ በሞቴ ሻጩን አሳይኝ» አለች። «እንዲህ ያለ ድንች መቼም በእኛ ሰፈር አፈር አይበቅልም።»